የሚለምን ግድግዳ

ሰኞ ጠዋት ዘጠኝ ሺህ ሰዎች ታመው ዘጠኙም ሺህ ዳኑ። ሰዎች የተባሉት ምስለ ሰዎች ናቸው፤ ከእውነተኛ ሰው ጠባይ ተቀድተው ኮምፒውተር ውስጥ የሚኖሩ ሞካሪዎች። የሚሞከረው ጠባቂ ግድግዳ፣ ቤት ውስጥ የሚገጠም ተናጋሪ መሣሪያ፣ ሕመማቸውን ከትንፋሻቸው ያውቃል። «ሐኪም ልጥራ?» ይላል፤ እነሱም «አዎ» ይላሉ።

«ሰባቱንም የዲዛይን ደረጃ አልፏል» አሉ የቤተ ሙከራው ኃላፊ አቶ ደምሰው። «ነገ ብቻቸውን የሚኖሩ አርባ ሺህ አረጋውያን ቤት ይገባል። ፈርሚ እንጂ!»

ዲዛይነሯ ትርሲት ልትፈርም ስትል ስክሪኑን አየች። ታች በሙከራው ቤት ያሉት ብቸኛው እውነተኛ ሰው ጋሽ ዘርጋው ናቸው። የልባቸው ምት ተዘበራርቋል፤ ከሥሩ ግድግዳው «ሐኪም አልፈለጉም፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ብሎ ጽፏል።

ሐኪም ጠርታ እየሮጠች ወረደች። ሽማግሌው በላብ ተጠምቀው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ዘርጋው! ልጥራ ሲልዎ ምነው እምቢ አሉ?»

«ኧረ ልጄ፣ ሰው ላስቸግር? አንዴ ጠየቀኝ፣ ይቅር አልኩት። እሱም ዝም አለ» አሉ፤ ቅር ብሏቸዋል።

ሐኪሙ ደርሶ አተረፋቸው። ትርሲት ግን ንድድ አላት። መዝገቡን ስትፈትሽ ሦስተኛው ደረጃ ላይ የሰዎች የመጀመሪያ እምቢታ ሁሉ «ስህተት» ተብሎ ከምስለ ሰዎቹ ተሰርዞ አገኘችው። የሰረዘችው ራሷ ናት! ምሳ ብላ የተባለ እንግዳ እንኳ ሦስቴ ካልተለመነ እጁን በማይታጠብበት አገር አድጋ፣ የመጀመሪያውን «አይ» ስህተት አለችው። በራሷ አፈረች።

«እንግዲያው ይለምናላ!» ብለው ጮኹ አቶ ደምሰው።

ግድግዳው ልመና ተማረ። በሳምንቱ ጋሽ ዘርጋው አገግመው ለሙከራ ተመለሱ፤ የታመሙ እንዲመስሉም ተነገራቸው።

«ሐኪም ልጥራ?»

«አይ፣ ይቅር።»

«ግድ የለም፣ ልጥራ።»

«ኧረ ተወው።»

«በሞቴ!» አለ ግድግዳው።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። የተቆጡም ያዘኑለትም ይመስላሉ።

«አንተ ደግሞ» አሉት፣ «ምን ሞት አለህና?»

አቶ ደምሰው ራሳቸውን ያዙ። ትርሲት የልመናውን ክፍል በሙሉ አጠፋችና ስምንተኛ ደረጃ ጻፈች፦ «እምቢ ካሉ፣ የሚለምናቸው ጎረቤት ይጠራ።»