ጠበሉን በግራ የዞረችው ኔሳ

ኔሳ ያቺን ሴት ገና ስታያት ጠላቻት።

ሴትየዋ ከኮልማን መኪና ነበር የወረደችው። ያውም ከፊተኛው ወንበር፣ ኔሳ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት! መለሎ ናት፤ ቀይ ካፖርት ለብሳለች፤ ሽቶዋ መንገዱን ተሻግሮ ዓሣ ማጨሻው ደጅ ድረስ ይመጣል። ኔሳ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ዓሣ በጭስ ስታደርቅ የዋለች ናት። ይባስ ብሎ ኮልማን ዝናቡ እንዳይነካት ጃንጥላ ይዞላታል፤ እሱ ራሱ እስኪንጠባጠብ ርሷል።

«ኔሳ! ነይ ተዋወቂ» አላት። «ሎሬታ ትባላለች። የአያቶቿን አገር ልታይ ከአውስትራሊያ መጥታ ነው።»

ሎሬታ እጇን ዘረጋች። ኔሳ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች፤ ከዚያ ኪሷ ከተተችው።

«ዓሣ ነክቻለሁ» አለች።

«ኧረ እኔ ግድ የለኝም...»

«ይሸታል» ብላ ገብታ በሩን ዘጋች።

ኮልማን በካሪግቤግ መንደር የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው። ማን የት እንደተቀበረ ስለሚያውቅ፣ በየባሕር ማዶው የተበተነው የአየርላንድ ዘር የአያቱን መቃብር ፍለጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። አገሩ በሚሞቅበት በሰኔና በሐምሌ በገፍ ይመጣሉ። በጥር ብርድ ግን እስካሁን መጥቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«በጥር ማን ዘመድ ይፈልጋል?» አለች ዳቦ ሻጯ እትዬ ኦኖራ፣ ኔሳ ዳቦ ልትገዛ በገባችበት። «በጥር የሚፈለገው ባል ነው ልጄ!»

«ትፈልግ፤ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች ኔሳ። ዳቦውን እዚያው ረስታው ወጣች።

በእርግጥ ቸግሯታል። ኮልማን ባለፈው መከር እንድታገባው ጠይቋት ነበር። ትወደዋለች፤ አገር ያወቀው ነገር ነው። ግን እናቷ ገና በልጅነቷ፣ አባቷ ደግሞ ባለፈው ዓመት ሞተውባታል። እህት ወንድም የላትም። በካሪግቤግ ቤተ ክርስቲያን የሙሽራው ዘመድ በቀኝ፣ የሙሽሪት ዘመድ በግራ ይቀመጣል። የኮልማን ዘመድ እንደሆነ ከበሩም ይተርፋል።

«በእኔ በኩል ማን ይቀመጣል?» ብላው ነበር። «ባዶ ወንበር እያየሁ ልዳር?»

«እጠብቅሻለሁ» አላት ያኔ።

አባቷ በሞቱ ሰሞን አንድ አሜሪካዊ «እኔም ኮጋን ነኝ፤ ዘመድሽ ነኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። ኔሳ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ በግ አረደች፤ የአባቷን አልጋ አነጠፈችለት። የአገሩ ግማሽ ኮጋን ነው፤ የሚለየው በቤት ስም ነው። የኔሳ ቤት «ቀያዮቹ» ይባላል። ሰውየው ግን ሲጣራ የ«ወፍጮዎቹ» ዘር ሆኖ ተገኘ። ስቆ ይቅርታ ጠየቀና ሄደ። እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ አብሯት የተቀመጠው ኮልማን ነበር።

አሁን ያ ኮልማን መጠበቁ የታከተው መሰላት። ሎሬታን ይዞ የፈረሰው ገዳም ሲሄድ ታየ። ከመሬት በታች ይኖራሉ የሚባሉት ስውራን ጉብታ ላይ አብረው ተቀምጠው ታዩ። ኔሳ የስውራኑን ተረት ከኮልማን አፍ የሰማችው እዚያው ጉብታ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የሳማትም እዚያው ነው። 

«ያችኑ ካፖርት ነው መሰለኝ የምትለብሰው» አለችው አንድ ቀን መንገድ ላይ ስታገኘው። «ቀይ እንደሚያምርባት ነግረሃት ነው?»

«ኧረ ኔሳ...»

«የማን ዘር ናት ለመሆኑ?»

ኮልማን ጆሮው ቀላ። ውሸት የማይችልበት ሰው ነው። «ገና አልታወቀም» አላት መሬት መሬት እያየ።

«ታዲያ ጆሮህ ለምን ቀላ?»

«በርዶኝ ነው።»

የቅድስት ብሪጂድ በዓል ዋዜማ ደረሰ። በዚያ ቀን ሁሉም ቤት ከቄጠማ መስቀል ጎንጉኖ በሩ ላይ ይሰቅላል። የሁሉም መስቀል አራት ክንድ አለው፤ የቀያዮቹ ቤት ብቻ ባለ ሦስት ክንድ ይሠራል። አጎነጓጎኑ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ ግን ኮልማንን ጠርተው «ቤቴ የምትገባ ከሆነ እወቀው» ብለው አስተምረውታል።

ኔሳ ዋዜማውን እልኋን ዋጥ አደረገች። ምርጥ ዓሣ መርጣ በወረቀት ጠቅልላ ወደ ኮልማን ድንጋይ መጥረቢያ ቤት ሄደች፤ ልትታረቀው። በመስኮት ስታይ ሎሬታ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ቄጠማ ትጎነጉናለች። በእጇ የያዘችው መስቀል ሦስት ክንድ አለው። ኮልማን አጠገቧ ቆሞ ትከሻዋን አቅፎ ይስቃል።

ዓሣው ከእጇ ወደቀ። ጎንበስ ብላ እንኳን አላነሳችውም።

ወንበሬን ወሰደች፤ ትውሰደው። ጉብታዬን ወሰደች። የአባቴን የእጅ ሥራ ግን! ብላ ቤቷ ገባች።

በበዓሉ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ቀድማ ወደ ጠበሉ ወጣች። ጠበሉ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ይፈልቃል። ቋጥኙን በቀኝ እጅ በኩል አድርጎ፣ እንደ ፀሐይ አካሄድ ሦስት ጊዜ እየጸለዩ መዞር በረከት ነው። በግራ አድርጎ መዞር ግን እርግማን ነው። ቄሱ ብሪጂድ ቅድስት ናት ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከመቀደሷ በፊት ከጥንቶቹ አማልክት አንዷ ነበረች ይላሉ። በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ይስማማሉ፤ ጠበሏ ላይ ያለ ጥፋቱ ሰው የረገመ፣ እርግማኑ ተመልሶ የራሱን ቤት ያንኳኳል።

ኔሳ ይህን እያወቀች በግራ ዞረች።

«ሻንጣዋ ይጥፋ!» አለች በመጀመሪያው ዙር። ትንሽ አነሰባት። በሁለተኛው «ያ የሚያምር ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ ይርገፍ!» አለች። ሦስተኛውን ለኮልማን አስቀምጣው ነበር። «እሱ ደግሞ... እሱ ደግሞ...» አለችና የሚረገም ነገር አጣችበት። እጁን እንዳትል፣ በእጁ ነው እንጀራው። ዓይኑን እንዳትል፣ ዓይኑን ትወደዋለች። እንባዋ እየወረደ፣ ፊቷን በሻርፗ እየጠረገች ቋጥኙን ስትታጠፍ ከሰው ጋር ተጋጨች።

ኮልማን ነው። ከኋላው ሎሬታ አለች። እነሱ በቀኝ እየዞሩ ነበር።

 በዚያ ጠበል ላይ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ከተገናኘ አንደኛው እየረገመ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

«ኔሳ...» አለ ኮልማን ፊቱ አመድ መስሎ። «በየት በኩል ነው የምትዞሪው?»

«ታየኝ የለ!»

«እኔን ነው?» አለች ሎሬታ ቀስ ብላ።

«አዎ አንቺን ነው! ቀናሁ! ቀንቼ ነው! እሺ?»

«ምን ነካሽ አንቺ?» አላት ኮልማን።

«አንተ ነህ የነካኸኝ! የአባቴን መስቀል ለእሷ አስተማርክ። አባቴ አምኖህ...»

«እኔ አላስተማርኳትም!»

«በዓይኔ አየሁ እኮ!»

«እናቴ ናት ያስተማረችኝ» አለች ሎሬታ። «እናቴን ደግሞ አያቷ ሳይቭ። የሰው ሁሉ መስቀል አራት ክንድ ሲሆን የእኛ ለምን ሦስት እንደሆነ አናውቅም ነበር። ትናንት ገና ኮልማን ነገረኝ።»

ኔሳ ጠጋ አለች። «ሳይቭ ማን ናት?»

«የዚህ አገር ልጅ ናት። እሷና እህቷ አንድ ሰው ወደዱ። ሰውየው እህቷን መረጠ። ሳይቭ በሠርጉ ጠዋት እዚህ መጥታ በግራ ዞረችባቸው። ከዚያ ኀፍረቱን አልቻለችውም፤ መርከብ ተሳፍራ ጠፋች። ስትሞት ‹ከልጆቼ አንዱ ሄዶ በቀኝ ይዙርልኝ› አለች። እስካሁን ማንም አልመጣም ነበር።»

«እህቷ... ስሟ ማን ነበር?»

«ኤታ።»

ኔሳ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ኤታ ቅድመ አያቷ ናት። ኤታ እህት እንደነበራት ቤቱ ያውቃል፤ ስሟን ግን በዚያ ቤት ማንም አንስቶ አያውቅም።

ኮልማን አጠገቧ በርከክ አለ። «ያ አሜሪካዊ ሲሄድ እንዴት እንደሆንሽ አይቻለሁ። ሳላረጋግጥ ዳግመኛ ላስለቅስሽ አልፈለግኩም። ትናንት መስቀሉን ስትጎነጉን ሳይ ነው ልቤ የሞላው። ዛሬ ከጠበሉ ስንወርድ ወደ አንቺ ልንመጣ ነበር።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት አንተ ደንቆሮ!» አለችው እያለቀሰች። ከዚያ ወደ ሎሬታ ቀና አለች። እንደዚያን ጊዜ አፍራ አታውቅም። «ሎሬታ... ፀጉርሽ ይርገፍ ብያለሁ።»

ሎሬታ ፀጉሯን ነካ አደረገችው። «ሌላስ?»

«ሻንጣሽ ይጥፋ።»

«ሻንጣዬማ ጠፍቷል! ከመጣሁ ጀምሮ ደብሊን አየር ማረፊያ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ይሄን ካፖርት ለውጬ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ኔሳ ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት። ሎሬታ አንስታ አቀፈቻት። በዘመድ እቅፍ ውስጥ ከገባች ዓመት አልፏታል፤ ልትለቃት አልቻለችም።

«ይቅር በይኝ» አለቻት።

«ሳይቭ ብትኖር አንቺኑ ይቅር በይኝ ትልሽ ነበር። ነይ፣ አብረን እንዙርላት።»

በቀኝ ዞሩ፤ ሦስት ጊዜ። ሎሬታ ለሳይቭ ጸለየች። ኔሳ ለኤታ፣ ለአባቷ፣ ደግሞም ለሎሬታ ፀጉር ጸለየች። ሲጨርሱ ሎሬታ «በረደኝ፤ መኪናው ውስጥ ልጠብቃችሁ» ብላ ብቻቸውን ተወቻቸው።

«እኔንም ረገምሽኝ?» አላት ኮልማን።

«ልረግምህ ነበር። ምን እንደምል ጠፋኝ።»

«ለምን?»

«ስለምወድህ ነዋ!» አለች እየተቆጣች። «ያኔ የጠየቅከኝን... አሁንም ትጠይቀኛለህ?»

«አሁንም እጠይቅሻለሁ።»

«እሺ። እሺ ብያለሁ። ጾሙ ሳይገባ እንጋባ።»

«ሕጉ ሦስት ወር አስቀድማችሁ አሳውቁ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሆነው።»

«እንግዲያው ስማኝ። እስከዚያ ድረስ ዘመድ ፍለጋ የምትመጣ ሴት ካለች መጀመሪያ ወደ እኔ ላካት። አገሩን የማስጎበኛት እኔ ነኝ።»

«ወንድ ከመጣስ?»

«ወንድ ከመጣም ወደ እኔ ላከው። ጉብታው ላይ ይዤው ወጥቼ የስውራኑን ተረት እነግረዋለሁ።»

 ጥቂት መንገድ ወረዱ። የኮልማን ጆሮ ቀስ በቀስ ይቀላ ጀመር።

«ወንዱን...» አለ በመጨረሻ፣ «ወንዱን እኔው ራሴ አስጎበኘዋለሁ።»

ኔሳ ክንዱን ይዛ እስከ መኪናው ድረስ እየሳቀች ወረደች።