ሐይቅ መሀል የጮኸው ሰዓት

ሱረያ ከጅዳ ለእረፍት በመጣችበት ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ የአምባሰል ተራራ አረንጓዴውን ገና ሳይጥል፣ ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የእጇ አንጓ ጮኸ።

ተሳፋሪው ሁሉ ኪሱን ዳሰሰ። የማንም ስልክ አልነበረም። ሱረያ እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ ጥቁሩን ሰዓት ስትነካው የአባቷ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

«ሱረያ፣ የት ደረስሽ? ከሹፌሩ ጎን አትቀመጪ ብያለሁ።»

«ኋላ ነኝ አባ። ሐይቅ ከተማ ልንገባ ነው።»

«እዚያ ቢቆም እንዳትወርጂ።»

አባቷ ዘይኑልአቢዲን ጆሮው ስለደከመ ስልክ ሲያወራ ማዶ ተራራ ላይ ያለ ሰው የሚጠራ ይመስላል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ያንቺስ እጅ አባት አለው» ሲሉ መኪናው በሳቅ ፈረሰ። ሱረያ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች።

ከጎኗ የተቀመጠው ወጣት ብቻ አልሳቀም። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ጉልበቱ ላይ አዲስ የዓሣ መረብ ጠቅልሎ የያዘ ልጅ ነው። ሰዓቱን የራበው ሰው ምግብ እንደሚያይ ያየዋል።

«ስልክሽስ?» አላት።

«ቤት ነው። ይዤው ከወጣሁ ዘመድ ሁሉ የጅዳ ፎቶ አሳዪን ይለኛል። ይሄ የራሱ ሲም አለው። ቁጥሩን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነው።»

«ውሃ ቢነካውስ?»

«ዕቃ ሳጥብበት ነው የምውለው። ምንም አይለው።»

«ወላሂ ለእኔ ስልክ አይበረክትልኝም። መረብ ልስብ ጎንበስ ስል ከደረት ኪሴ ሹልክ ይላል። የገዛሁት ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ነው ያለው።»

«ዓሦቹ ይደዋወሉበታላ።»

ያን ጊዜ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ጭፍን ይላል። ሱረያ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ሐይቁ ከዛፎቹ ኋላ ብልጭ ብሎ ተመለሰ።

ኡበይድ፣ ስሙ ይሄ ነበር፣ ሐይቅ ከተማ ላይ መረቡን ትከሻው ላይ አድርጎ ለመውረድ ተነሳና መልሶ ጎንበስ አለ።

«እስክሪብቶም የለኝ፣ ስልክም የለኝ። ግን ቁጥሩን ብትነግሪኝ እይዘዋለሁ።»

ለምን እንደነገረችው ዛሬም ድረስ አታውቅም። መኪናው ሲነሳ በመስኮት አየችው፤ መንገዱ ዳር ቆሞ ዚክር እንደሚያደርግ ሰው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

በማግስቱ ሰዓቱ ጮኸ።

«ሱረያ? ኡበይድ ነኝ፣ በሰው ስልክ። የመጨረሻዋ ቁጥር ጠፍታብኝ አንድ ቄስና አንዲት የመርሳ ሴትዮ ካስቀየምኩ በኋላ ነው ያገኘሁሽ።»

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ዓሣ ይዞ ውጫሌ መምጣት አበዛ። እሷም በርበሬ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባት ሴት ሆነች። ሰው በሚያይበት መሀል ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ትንሽ ያወራሉ፣ ብዙውን ዝም ይላሉ። ሲለያዩ እሱ ዞሮ ያያል፤ እሷ ሳትዞር እንዳየ ታውቃለች።

እረፍቷ ሳያልቅ ኡበይድ ሽማግሌ ላከ። ዘይኑልአቢዲን እንግዶቹን በወግ ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሲያበቃ አንገቱን ደፋ።

«ልጁን አልጠላሁትም» አለ። «ውሃውን ነው የጠላሁት። ወንድሜ አሕመዲን በዚያ ሐይቅ ሰምጦ ሲጣራ የሰማው አንድ ሰው አልነበረም። ልጄ እየመሸ በነጋ ቁጥር ባሏን ከውሃ ስትጠብቅ ማየት አልችልም። ለሌላ ነገር ብትመጡ ቤቴ ቤታችሁ ነው።»

ሱረያ ከጓዳ ሆና ሰማች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት፣ ፀጉሯን ሳይቀር የሠራላት አባቷ ነው። በእሱ ላይ ቃል መመለስ አልቻለችም። አልቅሳ ስታበቃ ፊቷን ታጥባ ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ ይዛ ወጣች።

ወደ ጅዳ ከመመለሷ በፊት ውጫሌ መናኸሪያ ተገናኙ። ኡበይድ መሬት መሬት ያያል።

«እዚያ ነፃ የምሆነው ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው» አለችው። «ቤቱ ሁሉ ሰግዶ ተመልሶ ሲተኛ።»

«ያን ጊዜ እኔ ውሃ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ።» ሰዓቱን ፈታች። «ይሄ ከኪስህ አይወድቅም።»

«የሴት ሰዓት አሰረ ይሉኛል።»

«ይበሉሃ።»

ማሰሪያው አልደረሰለትም። በመረብ ክር ቀጥሎ አሰረው።

እንዲህ ነው ያ ጊዜ የጀመረው። ሱረያ እነዚያን ማለዳዎች ስታስታውስ መጀመሪያ የሚመጣላት የጅዳው ወጥ ቤት መስኮት ነው፤ ከግድግዳና ከአየር ማቀዝቀዣ ጀርባ ሌላ የማይታይበት። እዚያ ቆማ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ትለጥፋለች። ማዶ መቅዘፊያው ውሃውን ሲመታ ይሰማል። ዳክዬ ይጮኻል። ከከተማው የአንዱ ግቢ በር ይንኳኳል፣ ከሐይቁ ዳር ገዳም የደወል ድምፅ ይመጣል።

«ዛሬ ጭጋጉ ከውሃው አልተነሳም» ይላታል። «የጀልባዬ አፍንጫ አይታየኝም። ቆይ… መረቡ ከበደ። ቆሮሶ ዓሣ ነው፤ አራት፣ አምስት… አንዱ አመለጠ። ላንቺ የያዝኩት እሱን ነበር።»

ሐይቁን ከመኪና መስኮት በቀር አይታው አታውቅም። በጆሮዋ ግን ዳሩንም መሀሉንም ለየችው። ብዙ ማውራት አይቻልም ነበር፤ ሰዓቱ ወሬ ሲበዛበት ቻርጁ ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ቃል መርጠው፣ ከቃሉም ይልቅ ዝምታውን ተካፍለው ይለያያሉ። የሐይቁ ዓሣ አጥማጆች ኡበይድ ከእጁ ጋር ያወራል፣ ጂን ይዞታል ብለው አስወሩበት። ወዳጁ ፈንታሁን ብቻ፣ «ጂኗን ሰላም በልልኝ» ይለው ነበር።

ለአባቷ የሰዓቱ ቁጥር የእሷ እንዳልሆነ ነግራው ነበር። እሺ ብሎ የጅዳውን ቁጥር አስመዘገበ። ጣቱ ግን አሮጌውን ለምዷል።

አንድ ማለዳ ስትደውል ሰዓቱ ተይዟል። ከማን ጋር ነው የሚያወራው? በዚህ ሰዓት የሚደውልለት ሌላ ማን አለ? ደግማ ልትሞክር ስትል ስልኳ ጠራ።

«ሱረያ፣ እንዳትደነግጪ። አባትሽ ደወሉልኝ።»

«የእኔ አባት?»

«ላንቺ የደወሉ መስሏቸው ነው። "ሱረያ፣ ደረቴን" አሉና ድምፃቸው ጠፋ። መልሼ ብሞክር ተዘግቷል። ወደ ዳር እየቀዘፍኩ ነው። ቤታችሁ የት ጋ ነው? ንገሪኝ።»

መቅዘፊያው እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ውሃውን እየደበደበ ነበር። ሱረያ ከውጫሌ ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ፣ ትልቁን ዋንዛ፣ ከዋንዛው በላይ ብቻውን ያለውን ቤት ነገረችው። ወዲያው ለጎረቤታቸው ለእትዬ ዑምኩልሱም ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የሌላውም፣ የሌላውም ዝግ ነው። ሰፈሩ መብራት ከጠፋበት ሰንብቶ የሁሉም ስልክ ቻርጅ ጨርሷል። አባቷ በቀረችው ጥቂት ቻርጅ ነበር የደወለው።

ፈንታሁን ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ኡበይድን ከነእርጥብ ልብሱ ውጫሌ አደረሰው። ሱረያ መልሳ ስትደውል ዳገቱን እየሮጠ ነበር፤ የሚሰማት ትንፋሹና የድንጋዩ ኮሽታ ብቻ ነው። ከዚያ በር ሲገፋ ሰማች።

«አባባ» አለ። ቆየ። ሱረያ የመስኮቱን ብረት ጨብጣ ጠበቀች። «ይተነፍሳሉ። ሱረያ፣ ይተነፍሳሉ።»

ወጥቶ ጎረቤት ጠራ። ሰው ከየቤቱ ሲወጣ፣ ቃሬዛ ሲመጣ፣ እትዬ ዑምኩልሱም ዱዓ ሲያደርጉ ሁሉንም ሰማችው። ማን ነህ ሳይሉ አንድ የማያውቁት እርጥብ ልጅ ሲያዛቸው ታዘዙለት። እሱ ቃሬዛውን በራስጌ በኩል ያዘ። እንጨቱን የጨበጠው እጁ ከሽማግሌው ጆሮ አጠገብ አረፈ።

«አሁን አውሪያቸው» አላት እያለከለከ። «እጄ ጆሯቸው ጋ ነው።»



«አባ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ቀስ፣ ቀስ የሚሉ ሰዎች ድምፅ መጣ። ቁልቁለት ነው።

«ሱረያ?»

«አቤት አባ።»

«መቼ መጣሽ?»

መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። «አሁን» አለች ስትችል። «አሁን ነው የመጣሁት።»

«እግርሽን ድንጋይ እንዳይመታሽ። ከኋላ ሁኚ።»

«እሺ። ከኋላ ነኝ።»

ስለ ማሽላው አወራችው። ስለ ቀዩ በሬ፣ እናቷ ዘፈን ስትሳሳት እሱ እንዴት ያርማት እንደነበር አወራችው። እንዳይተኛ ጠየቀችው፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ያቃስታል። የመኪና ድምፅ ሲሰማት አስፋልቱ ዳር መድረሳቸውን አወቀች። ሰዓቱ አንዴ ጪር አለና መስመሩ ጠፋ። ቻርጁ አልቆ ነበር።

ቤቱ ነቃ። እመቤቲቱ ቁርስ ጠየቀች፣ ልጆቹ ዩኒፎርም ፈለጉ። ሱረያ አቀረበች፣ አለበሰች፣ አጠበች። ብርጭቆ ሰበረች፤ ምን ሆነሻል ያላት ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ አባቷን አንዴ ሞቶ፣ አንዴ ድኖ እያየችው ዋለች።

የከሰዓት በኋላው ዓስር ተሰግዶ ሲያበቃ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለ።

«አልሐምዱሊላህ በይ» አለ ኡበይድ። «ደሴ ነን። ሐኪሞቹ በጊዜ ደርሳችኋል ብለዋል። አባትሽ ጫማዬን አምጡ እያሉ አስቸግረዋል። ለነርሷም ለአልጋ ጎረቤታቸውም፣ ልጄ ከአረብ አገር መጥታ አብራኝ ነበረች ይላሉ።»

ሱረያ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

አባቷ አገግሞ ቤቱ ከገባ በኋላ ራሱ ደወለ። በአዲሱ ቁጥር ነበር።

«ያ ልጅ የማን ነው?» አለ። «ሆስፒታል ስነቃ እግሬ ሥር ነበር። አባትህ ማን ነው ብለው ዝም አለኝ።»

«የሐይቁ ልጅ ነው አባ። ሽማግሌዎቹን የመለስክበት።»

ወትሮ የሚጮኸው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንዴት አወቀ?»

እውነቱን ነገረችው። ሰዓቱን ለማን እንደሰጠች፣ በየማለዳው እንደሚነጋገሩ ሁሉ ሳትደብቅ። «አንተ ነህ የደወልክለት» አለችው በመጨረሻ። «ሐይቁ መሀል ነበር።»

«ውሃ ላይ ሆኖ ሰማኝ?»

«ሰማህ።»

ማንም ያልሰማውን ወንድሙን እያሰበ እንደሆነ አወቀች።

«እንግዲህ እኔው ጠርቼው ነው የመጣው» አለ። «ጠርተውት የመጣን ሰው ከደጅ አይመልሱም። ሽማግሌዎቹን ደግሞ ይላክ።»

ሱረያ የሥራ ውሏን ጨርሳ ስትመለስ ኒካሁ በአባቷ ግቢ ታሰረ። ዘይኑልአቢዲን ከዚያ በኋላ የልጅ ልጁን እስኪያቅፍ ኖረ። ሐይቅ ከተማ እነሱ ቤት ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ለውሃው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥ ነበር። ለእሱ ብላ ሱረያም እሱ በሕይወት እያለ ጀልባ ላይ እግሯን አላሳረፈችም። ያረፈው አምና ነው።

አሁን ሱረያ ሐይቁ ዳር ትንሽ የዓሣ ጥብስ ቤት አላት። ኡበይድ ማለዳ ወጥቶ ይመለሳል፣ ዓሣውን ያወርዳል፣ ሴት ልጁን ይስማል፣ ይተኛል። ደግ ባል ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ወሬ አይወድም። እሷም ሥራው ፋታ አይሰጣትም። አንዳንድ ማለዳ፣ እሱ በሩን ዘግቶ ሲወጣ፣ የዚያ የማይረባ የጅዳ መስኮት ናፍቆት ይይዛታል። ተለያይተው በነበሩ ጊዜ በየቀኑ የምትሰማውን ድምፅ አንድ ቤት ሲገቡ እንዳጣችው ይሰማታል። ይሄን ለማንም አልነገረችም፤ ቢሰሟት ጥጋብ ነው የሚሏት ይመስላታል።

በቀደም ግን ለእሱ ነገረችው።

«ያኔ ታወራኝ ነበር።»

ኡበይድ ጫማውን እያሰረ ቀና አለ። ጥቂት አሰበ።

«ያኔ ውሃ ላይ ነበርኩ» አለ። «ልጅቷን ለጎረቤታችን ለእትዬ ሀዲያ ስጫትና ነይ።»

ጀልባዋ ስትወዛወዝ ሱረያ ጠርዙን በሁለት እጇ ጨበጠች፣ ቢስሚላህ አለች። እሱ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ቀዘፈ። ዳሩ ራቀ። ከዚያ፣ እንዲያ እንደድሮው፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው ጀመረ።

«ዛሬ ጭጋጉ ስስ ነው። ዳክዬዎቹ ወደ ቄጠማው ገብተዋል። ነፋሱ ከአምባሰል በኩል ነው፤ ስለዚህ መረቡ ወደ ግራ ሄዶ ይሆናል…»

ሱረያ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተሽ አታዪም እንዴ?» አላት።

«ቆይ» አለችው። «መጀመሪያ ልስማው።»