ለሙት የፈሰሰ ውሃ

ነፍስ ቆጣሪው «ዜሮ» ሲል ቆፋሪዎቹ ማሽኖች እንደ ልማዳቸው ሥራቸውን አቆሙ፤ ክንዳቸውን አጥፈው ወደ መርከቧ ተመለሱ። ነፍስ ቆጣሪ ማለት የልብ ምትን ከአለት ሥር የሚሰማ መሣሪያ ነው። ዜሮ ካለ ዜሮ ነው፤ ማንም አይከራከረውም።

የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዋ ዶክተር ውብሐረግ ግን ከሦስት ሜትር አለት በታች፣ ጣሪያው በተናደ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ፣ እግሯን ድንጋይ ተጭኖት በሕይወት ነበረች። የመቃብሩ ግድግዳ በእርሳስ ብረት ተለብጧል። እሱ ነው የልቧን ምት አፍኖ ያስቀረው፤ ይህን ደግሞ ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።

ማሽኖቹ ሲያጓሩ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ተዘግቷል። አሁን ጸጥ ሲል ከጉሮሮዋ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ሆነ። «ወይኔ! ጥለውኝ ሊሄዱ ነው» አለች በልቧ። ይህን የሜድትራንያን ደሴት ከባሕር የሚጠብቀው ግድብ አርጅቷል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊለቀቅ፣ ደሴቱም በባሕር ሊዋጥ ነው።

ከፊቷ በላይ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ የሸክላ ቧንቧ አለቱን በስቶ ወደ ሜዳው ይወጣል። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስለዚህ ዓይነት ቧንቧ ስትሟገት ኖራለች። መምህሯ ፕሮፌሰር መንክር «የጥንት ሰዎች ለሙታናቸው ወይንና ማር የሚያፈሱበት ነው» ይላሉ። እሷ ደግሞ በየጉባኤው «የአየር መውጫ ነው እንጂ! ሙት እንደማይጠጣ ያን ጊዜም የታወቀ ነው» እያለች አፋቸውን ታስይዛቸዋለች። ስሟም የገነነው በዚሁ ነው።

በቧንቧው የሽማግሌ ድምፅ ወረደ።

«ውቤ፣ እኔ ነኝ፣ መንክር። እንደማትሰሚኝ ማሽኑ ነግሮኛል። ግን እንዲሁ ጥዬሽ መሄድ አቃተኝ።»

ጠብ፣ ጠብ አለ። ውሃ! ምላሷን ዘርግታ ተቀበለች። የሸክላ ስባሪ አንስታ ቧንቧውን አንኳኳች፤ ምን ያደርጋል፣ የመንክር ጆሮ ከደከመ ቆይቷል።

«ስትከራከሪኝ እንዴት እናደድ ነበር!» አሉ እያለቀሱ። «አሁን ማን ይከራከረኛል? ጠጪ፣ ልጄ።»

ውብሐረግም አነባች። እነዚያ የጥንት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ሙት እንደማይጠጣ ያውቃሉ፤ እያወቁም ያፈሱ ነበር። እሷ ይህን ያወቀችው በሙት ቦታ ተኝታ ነው።

«ፕሮፌሰር! መርከቧ እርስዎን እየጠበቀች ነው፤ ቶሎ ይበሉ እንጂ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የመርከቧ ካፒቴን ነበረች።

«መጣሁ፣ መጣሁ። ኮዳዬ ውስጥ የቀረውን ላፍስስላት።»

ጉሮሮዋ ነድዷል። አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ታሰባት። ብትጠጣም ባትጠጣም ላይ ላለው ሰው ያው ነው፤ ውሃው ወርዶ ይጠፋል። ባይወርድስ? አልሞት ባይ ተጋዳይ፣ አውራ ጣቷን ቧንቧው አፍ ላይ ወተፈች። ውሃው እየሞላ ገፋት። ጥሙ አንጀቷን እያቃጠላት ጣቷን አላነሣችም።

«ምን ሆነ ይሄ? ሞላ እኮ!» አሉ መንክር። «ውቤ፣ አልጠጣም አልሽኝ?»

ጣቷን አነሣች። ውሃው ፊቷ ላይ ተደፋ። መልሳ ወተፈችው፤ ላይ ያለውም ውሃ መውረዱን አቆመ።

«ካፒቴን! ማሽኖቹን መልሺ! አሁኑኑ!»

«ኧረ ፕሮፌሰር፣ ነፍስ ቆጣሪው ዜሮ ብሏል እኮ!»

«የራሱ ጉዳይ! ሙት እምቢ አይልም!»