የከቶና የጭራሽ ደብተር

መምህር ምስጋኑ ሰው «የለም» ወይም «አላየሁም» ባለ ቁጥር ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። አመተ ማርያም ይህን ካስተዋለች ወዲህ በዓይነ ቁራኛ ትከታተለዋለች።

ዘመኑ ፲፱፻፸ ነው። ወንድሟ ፈንታው ከቀይ ሽብር ሸሽቶ ገነተ ማርያም መንደር፣ አክስታቸው ቤት ተደብቋል። ምስጋኑ ደግሞ ላሊበላ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ከወገል ጤና ከተማ መጥቶ እነሱ ግቢ የተከራየ ነው። ዝምተኛ፣ መልከ መልካም፣ ሲያያት ዓይኑን ቶሎ የማይነቅል። ጆሮ ጠቢ ከዚህ ሌላ ምን ይመስላል?

አንድ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ደብተሩን አልጋው ላይ ረሳው። ገብታ ገለጠችው። በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ፣ ከሥሩ የሰው ስም። «ፈንታውን ከቶ አላየሁትም — መሪጌታ ወልደ ሰንበት።» አባቷ ናቸው። በመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ባለፈው ሳምንት «የት ሄደሽ ነበር?» ሲላት የመለሰችለትን አገኘች፦ «ገነተ ማርያም ጭራሽ አልሄድኩም — አመተ ማርያም።» ጎኑ ላይ፦ «ዋሽታ ነው። ዓይኗ መሬት አየ።»

ቀና ስትል እሱ በሩ ላይ ቆሟል።

«መምህር፣ ይሄን ለማን ነው የሚጽፉት?»

ደነገጠ። «ለተማሪዎቼ። እንግሊዞች እምቢታቸውን የሚያጠብቁባቸው ቃላት አሏቸው። ተማሪዎቹን ‹አት ኦል› ስላቸው ‹በሁሉም› ብለው ይተረጉሙልኛል። ከ‹ኔቨር› ጋርም ያምታቱታል፤ ‹ኔቨር› ዘመኑን ሙሉ ይዘጋል፣ ‹አት ኦል› ቅንጣት አያስተርፍም። እኛስ ከልባችን ስንክድ ምን እንላለን ብዬ መልቀም ጀመርኩ፤ ከልብ ያልሆነውን ጎኑ ላይ እጽፋለሁ።»

«ስማችንስ? ስማችን ምን ያደርግልሃል?» አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል።

«ቅኔ ቤት ነው ያደግሁ፣ አመተ። እዚያ ቃል ያለ ባለቤቱ አይነገርም፤ የማን እንደሆነ ያልጠራ ሌባ ነው።» ይህን ሲናገር የስሞቹ ዝርዝር በዚያ ዘመን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ውሰጅው። እንደፈለግሽ አድርጊው።»

ወሰደችው እንጂ አላመነችውም። ሌላ ደብተር ቢኖረውስ?

ሰኞ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሻዬ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ግቢ ገባ። መሪጌታን አልፎ መምህሩን ጠራው።

«ጓድ መምህር፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ የምትኖረውም እዚሁ ነው። ፈንታው የት ነው?»

አመተ ማርያም የበሩን መቃን ጨብጣ ቆመች። ሁሉም ነገር በእሱ አንደበት ላይ ነበር።

«አላውቅም» አለ ምስጋኑ።

«ወሬውንም አልሰማህ?»

«ከቶ።» ዓይኑን ከጋሻዬ ፊት አልነቀለም።

ጋሻዬ አላመነውም፤ ይዘውት ሄዱ። እሷም ያኔውኑ ደብተሩን ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ እያለቀሰች፣ ስለጠረጠረችው ራሷን እየረገመች። አራት ወር ሙሉ እስር ቤት ስንቅ አመላለሰችለት። ዘበኞቹ ማውራት ስለከለከሉ በአጥሩ ቀዳዳ ይተያዩ ነበር፤ ሌላ ምንም የለም።

ሲፈታ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ መጣ። አዲስ ደብተር ሰጠችው። ገለጠው። በግራ «ኔቨር»፣ በቀኝ በእጇ ጽሕፈት፦ «ካንተ ሌላ አላገባም፤ በጭራሽ — አመተ ማርያም።» ጎኑ ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ ምን ልጻፍ?» አለ ባዶውን ቦታ በጣቱ እየነካ።

«ዓይኔን አይተህ ሙላው።»

ቀና አለ። አመተ ማርያም መሬት አላየችም።