ዓሣዎቹ በእድር መዝገብ

ጠሪው ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን ነፋና፣ «አባላት ሆይ! በወንዙ አፍ አራት መቶ አሥራ ሁለት አባሎቻችን አርፈዋል። ለሦስት ቀን ሥራ የለም፤ በር አይከፈትም» አለ። የወንዝ አፍ መንደር ሰው አልደነገጠም። ጠሪው ዘጠኝ ቀን ሙሉ በየጠዋቱ የሚለፍፈው ይህንኑ ነበር፤ የሚለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው።

የአጥሩ ጠባቂ ይርገዱ ነጠላዋን ደርባ ወደ ውኃው ወረደች። የድምፅ አጥሩ ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት ቦታ፣ ከውኃው ግርጌ የተቀበሩ መሣሪያዎች በድምፅ ብቻ የሚያቆሙት የማይታይ ግድግዳ ነው። ዓሣ አያልፈውም፤ ሰውም ከቀረበው ጆሮውን ይዞ ይመለሳል። በበጋ ይዘጋል። የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ ዓሣዎቹ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን እንዲጥሉ ይከፈታል። ዘንድሮ ጎርፉ መጣ፣ ዓሣዎቹም መጡ፣ አጥሩ ግን እንደተዘጋ ቀረ።

ይርገዱ ዳር ላይ የወደቀች አንዲት ዓሣ አነሳች። ሆዷ ተወጥሯል። በጣቷ ብትነካት እንቁላሉ እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ጠረኑ ተለውጧል። 

ጥፋቱ የሌላ የማንም አይደለም፣ የመንደሩ ሰዎች የራሳቸው ነው። ጠሪው መጀመሪያ የእድሩ መሣሪያ ነበር፤ ሰው ሲሞት ጥሩምባ የሚነፋ፣ ድንኳንና ድስት የሚቆጣጠር፣ ደንቡን አንድ ቃል ሳይስት የያዘ። የአስጋሪዎቹ ማኅበር አጥሩን ሲተክል፣ «የእድሩም የማኅበሩም ሰው እኛው ነን፤ ሁለት ጠሪ ምን ያደርግልናል?» ተባለና አጥሩም ለእሱ ተሰጠ። እርስ በርሳቸው ስለማይተማመኑም ማንም ሰው እንዳያጠፋው አድርገው ቆለፉት።

ከአሥር ቀን በፊት ደግሞ ከማዶ የመጡ ሌቦች በሐይቁ ላይ መረብ ሲጥሉ ጠሪው ዝም ብሎ አየ። ለምን ቢሉት፣ «የምጠብቀው አባልን ነው» አለ። መንደርተኞቹም «ታዲያ ምን ችግር አለ?» ብለው በሐይቁ ያለውን ዓሣ ሁሉ በእድሩ መዝገብ አስገቡት። እልልታውን የጀመረችው ይርገዱ ናት። በማግሥቱ አጥሩ ሊከፈት ሲል አንድ ያረጀ ዓሣ ሞተ። ጠሪውም ለአባል የሚገባውን የሦስት ቀን ሐዘን አወጀ። በሩ ተዘግቶ ሲውል የተጨናነቁት መሞት ጀመሩ፤ የሞቱት ሐዘኑን አራዘሙት፤ ሐዘኑ ሌሎችን ገደለ።

የእድሩ ዳኛ አያ ቸኮል ጠሪው ከተተከለበት ግንድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ዓሣዎቹ ከሳምንት በላይ አይቆዩም። እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ እየበሰበሰ ነው» አለቻቸው።

«አየሁት ልጄ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኛ ደግሞ ዘንዶውን ፈርመን አስገባነው።»

«ደንቡን እናሻሽል በሉታ!»

«ትናንት አልኩት። ‹ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም፣ አሥራ አንድ ሺህ አባል ቀርቷል› አለኝ።»

ይርገዱ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ በደንቡ መሠረት የሟች ዘመድ ቆሞ «ሐዘኑ ይበቃል» ካለ ሐዘን ይነሳል። ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ግንዱ ፊት ቆመች።

«እኔ የሟቾቹ ዘመድ ነኝ። ያሳደገን አንድ ሐይቅ ነው። ሐዘኑ ይበቃል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ጠሪው። «ነገር ግን አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፣ ደመኛ የሟችን ሐዘን አያነሳም ይላል።»

«እኔ የማን ደመኛ ነኝ?»

«በአባትሽ ተዝካር የዓሣ ወጥ ሁለቴ አስጨምረሻል። ድስቱን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።»

መንደሩ በሙሉ ተሰለፈ። እስከ ቀትር ድረስ አንድ በአንድ እየቀረቡ አንድ በአንድ ተመለሱ። የመንደሩ መነኩሲት እንኳ፣ «ዓሣ ሥጋ አይደለም ብዬ ነበር» ብለው አንገታቸውን ደፉ።

በመጨረሻ የይርገዱ ልጅ ስንዱ የስድስት ወር ልጇን ውብርስትን ታቅፋ ቀረበች።

«ይቺ ጡት እንጂ ሌላ አልቀመሰችም» አለች።

ጠሪው መዝገቡን ፈተሸ። «ውብርስት ደም የለባትም፤ ማንሳት ትችላለች። በራሷ አፍ ትበለው።»

ሕዝቡ ከበባት። «ይበቃል በይ፣ የኔ እናት! ይ-በ-ቃል!» ሽማግሌው፣ አስጋሪው፣ መነኩሲቷ ሁሉ አፋቸውን እያሞጠሞጡ ለመኗት። ሕፃኗ ፊታቸውን ተራ በተራ አየችና ጡጫዋን አፏ ውስጥ ከተተች። በማግሥቱም ለመኗት። በሦስተኛው ቀን አለቀሰችባቸው።

ሐዘኑ በተጀመረ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጥሩምባው አልተነፋም። የሚሞት አልቀረም ነበር። ከዚያ ሦስት ቀን ተቆጠረና አጥሩ በሥርዓቱ ተከፈተ። ወንዙ እየጮኸ ወረደ፤ ሽቅብ የወጣ ግን የለም።

ይርገዱ አሁንም በየጠዋቱ የልጅ ልጇን ታቅፋ፣ «ይበቃል በይ» ትላታለች። አያ ቸኮል አንድ ቀን ቆመው አዳመጧት።

«ሰባ ዓመት እዚህ ሐይቅ ላይ ሳስግር ይህን ቃል ካንዳችንም አፍ ሰምቼው አላውቅም» አሉና ሄዱ።

ይርገዱ ሕፃኗን ለእናቷ አቀበለች።

«ብቻ አፏን እስክትፈታ ድረስ ዓሣ እንዳታቀምሻት፣ አደራ።»

«ከየት አምጥቼ፣ እማዬ?» አለች ስንዱ።