የአንድ ፎቶ ፍርድ

ሰውየው ከባሕር ዛፉ ሥር በርከክ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ።

ሲነሳ እጁ ባዶ ነበር።

ጫልቱ የጭራሮ ሸክሟን ቋጥኝ ላይ አስደግፋ አየችው። እንጦጦ ላይ እንጨት ለቃሚ ሴትን ማንም ልብ ብሎ አያያትም። ሸክሙን የመረጠችውም ለዚሁ ነው። ኢንጂነር ባፈና ኮቱን አራግፎ፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ፣ በቀይ አፈሩ መንገድ ቁልቁል ወደ የካ ወረደ። የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መምሪያ ኃላፊ ነው። የቀበሌው የሕፃናት ኪነት ቡድን ደጋፊም ነው፤ የልጆቹን የደንብ ልብስ ያሰፋው እሱ ነው። የጦር ሰፈር ካርታ ለውጭ ሰዎች ያቀብላል ተብሎ ተጠርጥሯል። ጫልቱ በምትሠራበት የስለላ ክፍል የሚጠራው «ቁልቋል» እየተባለ ነው።

እሷ ደግሞ «ጠጠር» ናት።

ተቀባዩ ሳይደርስ መቅደም ነበረባት። ሰውየው ከበረከከበት ቦታ ያለውን ድንጋይ ፈነቀለች። በላስቲክ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ነው። አንስታ ከቀሚሷ ሥር ከተተችው። ተመሳሳይ ቆርቆሮ ከቦታው አስቀመጠች። ውስጡ ያለው ፊልም ብርሃን የበላው ነው፤ ተቀባዩ ቤቱ ደርሶ እስኪያጥበው ድረስ አያውቅም።

የመኪና ሞተር ጠፋ።

ነጭ ፔጆ፤ የተቀባዩ ነው። አንድ ረጅም ሰው ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንጨት ነው ጌታዬ።»

«እጅሽን አሳዪኝ።»

ዘረጋችለት። ጣቶቿ የጭራሮ ለቃሚ ጣቶች አልነበሩም። የጥፍሮቿ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፤ ፎቶ የሚታጠብበት ኬሚካል ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«እንሶስላ ነው። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ነበር።»

ሰውየው ጣቶቿን ገለባብጦ አየ። ከዚያ ሳቀ።

«ባልሽ ታድሏል። በይ ሂጂ።»

ሸክሟን አንስታ ወረደች። 

መገናኛ ላይ አንድ ጥቁር ቮልጋ ቆሞ ነበር። መሪውን የያዘው አለቃዋ ሻለቃ ከበበ ነው። አባቷ ሲሞት ወደ ሥራው ያስገባት፣ መከታተልን፣ መዋሸትን፣ ዝም ማለትን ያስተማራት እሱ ነው።

«ወደ ካራ የሚሄድ ይኖር ይሆን?» አለችው በመስኮቱ።

«ካራ ጭቃ ነው፤» አላት። የይለፍ ቃላቸው ነው። «አገኘሽው?»

«አግኝቻለሁ።»

«ጎበዝ፣ ልጄ። አሁኑኑ እጠቢው።»

ሾላ ገበያ ውስጥ ያለችው ፎቶ ቤት ጠባብ ናት። ጫልቱ እዚያ የምትታወቀው የሺመቤት ተብላ ነው፤ ፎቶ አጣቢ፣ ከገጠር የመጣች፣ ዘመድ የሌላት። ባፈና የጉርድ ፎቶውን የሚያሳጥበው እዚያ ስለሆነ ነው የተተከለችው። ከበሩ ጎን ጎመንና ቃሪያ የምትሸጥ ዲንቄ የምትባል ሴት አለች። ምሳቸውን ከአንድ ትሪ ይበላሉ። የዲንቄ ልጅ ሙሚና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ወርውራ የምትሮጠው ወደ ፎቶ ቤቷ ነው። ፎቶ ውኃ ውስጥ ሲወጣ ማየት ትወዳለች።

ጫልቱ ጨለማ ክፍሉን ቆለፈች። ቀዩን መብራት አበራች። ፊልሙን አጥባ፣ አድርቃ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ኬሚካሉ ውስጥ ነከረች። የጦር ሰፈር አጥር ጠበቀች። የመድፍ ጉድጓድ ጠበቀች።

ካርታ አልነበረም።

ልጆች ነበሩ። ማንም ሰው፣ በምንም ምክንያት፣ እንዲያ አድርጎ ሊያነሳቸው የማይገባ ልጆች። ጫልቱ ያየችውን ለማንም በዝርዝር አልተናገረችም፤ ለዳኛም ቢሆን የተናገረችው የተጠየቀችውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ወረቀት ነከረች። ከውኃው ውስጥ ቀስ እያለ አንድ ፊት ወጣ።

ሙሚና።

ወረቀቱን ገልብጣ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ከውጭ የዲንቄ ድምፅ መጣ።

«የሺ! ኧረ ነይ፣ ወጡ በረደ!»

በማግስቱ ፎቶዎቹን ለሻለቃ ከበበ ሰጠችው። ሁለቱን አይቶ ቆቡን አወለቀ። እሱም የሴት ልጆች አባት ነው።

«ለማንም እንዳትተነፍሺ፤» አላት። «ለእናቲቱም።»

«እናቷ ናት እኮ ሻለቃ!»

«ወሬ ከወጣ ሰውየው ያለውን ሁሉ ያቃጥላል። ዕቃው ከነቤቱ በእጃችን ይግባ። ከዚያ ሕግ አለ። ታምኚኛለሽ?»

«አምንዎታለሁ።»

አመነችው። ክረምቱን ሙሉ አመነችው። እሱ «ትንሽ ጊዜ» ባለ ቁጥር እሷ ሙሚናን የምታስቀርበት ሰበብ ትፈልጋለች። «ዛሬ ኪነቱ ይቅርብሽ፣ ፎቶ ማድረቅ አግዢኝ።» «ዛሬ ዝናብ ነው።» «ዛሬ አሞኛል፣ አጠገቤ ሁኚ።» ልጅቷ ደስ እያላት ትቀራለች። እንደ ድሮዋ ግን አትስቅም፤ ወንድ ደንበኛ በገባ ቁጥር ከመጋረጃው ኋላ ትገባለች። ዲንቄ ግን ትስቅ ነበር።

«ልጄን ወሰድሽብኝ እኮ! እንግዲህ አሳድጊያት።»

ጫልቱ አብራት ትስቃለች።

በመጨረሻ ትእዛዙ መጣ። በየካ ተዳፋት ላይ ያለው የባፈና ቪላ በጠራራ ፀሐይ ተፈተሸ። ጫልቱ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ገባች። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጀርባ፣ ከቀያዮቹ የንድፈ ሐሳብ ጥራዞች ኋላ፣ የብረት ሳጥኑን ያገኘችው እሷ ናት። እስከ አፉ ሞልቷል። ፎቶ፣ ኔጌቲቭ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ፖስታዎች። ሻለቃ ከበበ ሳጥኑን ተቀብሎ ብብቱ ሥር ያዘ።

«ከዚህ ወዲያ የእኔ ሥራ ነው፣ ልጄ።»

የፍርዱ ቀን ጫልቱ ከችሎቱ ኋላ ተቀመጠች። አቃቤ ሕጓ የሺሃረግ የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ናት። ከፊቷ ጠረጴዛ ላይ አንድ ፖስታ ብቻ አለ።

አንድ።

«ከፖሊስ የቀረበው ማስረጃ ይኸው ብቻ ነው?» ሲሉ ዳኛው ጠየቁ።

«ይኸው ብቻ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

ባፈና ቆሞ አለቀሰ። ከማያውቀው ሰው የደረሰው፣ ሊጥለው ያሰበ አንድ ፎቶ እንደሆነ ተናገረ። ጠበቃው የአብዮት አገልግሎቱን፣ የሽልማት ወረቀቱን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ ዘረዘረ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጻፉ። የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው። ለሌላ ሰው ማስተላለፉ አልተረጋገጠም። የልጅቷ ማንነት አልታወቀም።

«ሦስት ወር እስራት። በገደብ።»

በገደብ ማለት ዛሬ ቤቱ ይገባል ማለት ነው።

ባፈና ሲወጣ ወደ በሩ አየ። እዚያ ሻለቃ ከበበ ቆሟል። ተያዩ። ባፈና አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ሎሌ ለጌታው እንደሚያደርገው።

ጫልቱ ሁሉም ነገር ያኔ ገባት።

አቃቤ ሕጓን ደረጃው ላይ ደረሰችባት።

«ሳጥን ሙሉ ነበር።»

የሺሃረግ ዞር አለች። «አንቺ ማነሽ?»

«ያገኘሁት ሰው ነኝ።»

አቃቤ ሕጓ ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት። «ስሚኝ። ዳኛው የፈረዱት ባዩት ላይ ነው። አንድ ፎቶ አዩ፤ የአንድ ፎቶ ፍርድ ፈረዱ። ቅጣቱን የሚያከብደው ብዛቱ ነው፣ ለስንት ዘመን እንዳከማቸ ነው፣ ለሌላ ማቀበሉ ነው፣ የልጆቹ ዕድሜ ነው። ሳጥኑን አምጪልኝና ጉዳዩን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አስከፍተዋለሁ። ያለሱ ግን ባዶ እጄን ነኝ።»

ክፍሉ ካራ ላይ አንድ ምስጢራዊ ቤት አለው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዙሪያው የጤፍ ማሳ። ጫልቱ ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ ታውቃለች። መጀመሪያ ግን ከማሳው ዳር ሆና ጠበቀች። ቮልጋው መጣ። ከበበ ወረደ። ከኋላው ባፈና ወረደ። በሩ ላይ ሲጨባበጡ አየቻቸው።

ሲሄዱ ገባች። ሳጥኑ አልጋ ሥር ነበር። በጓሮ በኩል፣ አቃቤ ሕጓ ላዳዋን አቁማ በምትጠብቅበት ቦታ፣ በአጥሩ ላይ አቀበለቻት።

«ነይ ግቢ!»

«በሩን ልዝጋ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ማኅተም እስኪመታበት ድረስ መጥፋቱን ማወቅ የለበትም። ሂጂ!»

ላዳዋ ሄደች። ጫልቱ አልጋውን አስተካከለች። ወደ በሩ ዞረች።

ከበበ ደፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«ሲጋራዬን ረስቼ ነው፤» አለ በለሆሳስ። ከዚያ አልጋውን አየ። «ሳጥኑስ?»

ጫልቱ ከአልጋው ራቅ አለች።

«ሳጥኑስ አልኩሽ?»

ሽጉጡ ወጣ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ላዳዋ መሀል ከተማ ለመድረስ ጊዜ ትፈልጋለች። የቀራት መሣሪያ ወሬ ብቻ ነው።

«ለምን ሻለቃ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«ለምን?» ከበበ ሳቀ። «ከነማን ጋር እንደሚለዋወጥ ታውቂያለሽ? ኤምባሲ አለበት። ትልልቅ ወንበር አለበት። ባፈና በእጄ ነው፤ በባፈና በኩል ሁሉም በእጄ ይገባሉ። አሥር ሰላይ የማይሠራውን አንድ ሳጥን ይሠራል።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹ ያድጋሉ።»

ጫልቱ ፊቱን አየችው። እውነቱን ነበር። አንድም ነገር አልከበደውም።

«ልጄ ይሉኝ ነበር።»

«አሁንም እላለሁ። ለዚህ ነው ያልተኮስኩት። ሳጥኑ የት ነው?»

ብዙ አወራችው። ስለ አባቷ አነሳች። አለቀሰች፤ ግማሹ ሐሰት አልነበረም። የመስኮቱ ብርሃን ወለሉን አቋርጦ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ቀና አለች።

«ፍርድ ቤት ነው። ይሄኔ ማኅተም ተመትቶበታል።»

የሽጉጡ አፈሙዝ ግንባሯን ነካ።

«ቢገድሉኝ ሁለት ክስ ይሆናል፤» አለችው።

 ከዚያ እጁን አወረደ።

«ምስክር ሆነሽ የምትቆሚው በእውነተኛ ስምሽ ነው፤» አለ። «ከዚያ ወዲያ ክፍሉ አያውቅሽም። ሾላ ግን ማን እንደነበርሽ ያውቃል። አስቢበት።»

ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን በዝግ ችሎት አየው። ዲንቄን አቃቤ ሕጓ ራሷ ቤቷ ድረስ ሄዳ ነግራታለች። ዲንቄ የልጇን ዕድሜ መስክራ ወጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሺመቤት አጠገቧ መጥታ ስትቀመጥ አልደነቃትም። እጇን ያዘቻት።

«እንኳን መጣሽልኝ እህቴ።»

የችሎት አስከባሪው በሩን ከፈተ።

«ሁለተኛ ምስክር! ጫልቱ ኢታና!»

ዲንቄ ዞር ዞር ብላ የተጠራችውን ሰው ፈለገች።

ጫልቱ እጇን አስለቅቃ ተነሳች።

ውስጥ የተጠየቀችውን ሁሉ ተናገረች። እንጦጦን፣ ቆርቆሮውን፣ ጨለማ ክፍሉን፣ መደርደሪያውን። ሰብሳቢ ዳኛው አንዱን ፎቶ በወረቀት ሸፍነው የልጅቷን ፊት ብቻ አሳዩዋት።

«ይህቺን ልጅ ታውቂያታለሽ? እርግጠኛ ነሽ? ካልሆነ ልጅቷ ራሷ ትጠራለች።»

«አውቃታለሁ። ሙሚና ናት። አንድ ዓመት አጠገቤ ነበረች። እሷን መጥራት አያስፈልግም።»

ዳኛው ለጸሐፊው ምልክት ሰጡ። ልጅቷ አልተጠራችም።

ፍርዱ ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ብዛቱ ተቆጠረ። ለዓመታት መከማቸቱ ተነበበ። ማቀበሉ፣ በልጆች ላይ የተሰጠውን አደራ መብላቱ ተነበበ። ባፈና እንደገና አለቀሰ።

«የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው ተብሏል፤» አሉ ዳኛው። «ይህ ፍርድ ቤት ያየው የመጀመሪያ መያዙን ነው። የመጀመሪያ ጥፋቱን አይደለም። አምስት ዓመት ጽኑ እስራት።»

የከበበ ስም በፍርዱ ውስጥ አልተነሣም። ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። በዕድገት።

ዲንቄ ከግቢው በር ላይ ጠበቀቻት። አልጮኸችም።

«መቼ አወቅሽ?»

ጫልቱ መዋሸት ትችል ነበር። ሙያዋ ነው።

«ክረምት ሳይገባ።»

«ክረምት ሳይገባ።» ዲንቄ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አላመጠችው። «ያ ረቢ! ክረምቱን ሙሉ ከአንድ ትሪ በልተናል። ልጄ ሌሊት እየተነሣች ስትጮኽ ነግሬሻለሁ። ቡዳ ነው ወይስ ምንድነው ብዬ ጠይቄሻለሁ! ምን አልሽኝ?»

«ዲንቄ፣ ታዝዤ ነው።»

«እኔ ግን ታዝዤ አልነበረም የወደድኩሽ።»

 ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱን ተሻገረች። ጫልቱ ልትከተላት አንድ እግሯን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

በዚያው ሳምንት ወደ ደቡብ የሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች። የክፍሉን መታወቂያ ወስደውባታል። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት የተጠበሰ በቆሎ ሰብራ ግማሹን ሰጠቻት።

«መንገዱ ረጅም ነው፣ እንጫወት እንጂ። ስምሽ ማነው፣ እናቴ?»

ጫልቱ በቆሎውን እንደያዘች ትንሽ አሰበች።

ከዚያ አንድ ስም ነገረቻት።