ለተቆጣጣሪዎች የተቆፈረ ጉድጓድ

የተረፋ ሬሳ የወጣው ከአዲሱ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። መቶ አለቃ ነመራ ከነቀምት ሲደርስ፣ በኡኬ አጠገብ ያለው የመንግሥት ቡና ማጠቢያ ሠራተኞች ራቅ ብለው ቆመው ነበር። የሚያለቅስ የለም። ነመራም ቢሆን ሬሳ አይቶ መደንገጥ ከተወ ቆይቷል። በዚያ የግድያ ዘመን ከየመንገዱ ብዙ ሬሳ አንስቷል፤ አንዱ ታላቅ ወንድሙ ነበር።

ተረፋ የማጠቢያው የጤናና የንጽህና ባለሙያ ነበር። በአዲሱ መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ ድርጅት ስንት ውሃ እንደሚጠቀም፣ ፍሳሹን የት እንደሚጥል፣ የሠራተኛውና የአካባቢው ሰው ጤና እንዴት እንደሆነ በየዓመቱ ማሳወቅ አለበት። ሪፖርቱን እንዲያዘጋጅ የተመደበው እሱ ነበር። ተቆጣጣሪዎቹ ሰኞ ይመጣሉ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ለእነሱ ሲል ጉድጓዱን አስቆፍሮ፣ ከማጠቢያው በላይ ከወንዙ በተቀዳ ውሃ አስሞልቶታል።

«ጥልቀቱን ሲለካ አዳልጦት ይሆናል» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ነመራ ሸራውን ገልጦ ተንበረከከ። የጉድጓዱ ውሃ እስከ ወለሉ ጥርት ብሎ ይታያል። የሟቹ ጆሮና አፍንጫ ግን በበሰበሰ የቡና ልጣጭ ተደፍኗል፤ ሸሚዙ ይኮመጥጣል። ነመራ ሸራውን መለሰና ቡና ማጠብ መቼ እንደቆመ ጠየቀ። ሳምንት አልፎታል፤ ግቢው ተጠርጓል፤ ወደ ወንዙ ይወርድ የነበረው አሮጌ ቱቦም በሲሚንቶ ተደፍኗል አለው ሥራ አስኪያጁ።

ዘበኛው ኦቦ ዋጋሪ በአዳራሹ በር ቆመው ያዩትን ተናገሩ። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ለውይይት አዳራሽ ገብቶ ነበር። ተረፋ ሪፖርቱን ሊጨርስ ተፈቅዶለት ውጭ ቀረ። በመሐል ጄኔሬተሩ ቆሞ ድምፅ ማጉያው ሲዘጋ መካኒኩ ወልደዮሐንስ ሊጠግን ወጣ፤ ቀጥሎ ሥራ አስኪያጁ። ከእነዚህ በቀር ከአዳራሹ የወጣ የለም፤ የግቢው በርም ተቆልፎ ቁልፉ በዘበኛው በራሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ደርሶ እንደተመለሰ ተናገረ። ወልደዮሐንስ ደግሞ ውይይቱ እስኪያልቅ ከጄኔሬተሩ ሥር ተኝቶ ዘይት ሲፈስበት እንደቆየ። ነመራ ቱታውን አየ። ንጹህ ነው፤ የእጅጌው እጥፋት ገና አልደረቀም።

የሟቹ ሚስት ቀለሟ ግንብ ተደግፋ ተቀምጣለች። ነመራ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ እሷም ሁለት ጊዜ ባንድ ዓይነት ድምፅ መለሰችለት። ከማጠቢያው በታች ያሉ ልጆች ቆዳቸው እየቆሰለ፣ ከብቱም ውሃውን እያሸተተ እንደሚመለስ ነገረችው።

«ተረፋ የሚፈራው ሰው ነበር፣ አዴ ቀለሟ?»

«የሚፈራው አልነበረም። ለጓደኛው ግን ያዝን ነበር።»

ነመራ አሮጌው ቱቦ የሚነሳበትን ገንዳ ክዳን አስነሳ። ሲሚንቶው ተሰብሯል፤ ከሥሩ የኮመጠጠ ልጣጭ እስከ ደረት ይደርሳል። ከዚያ ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበ።

«ተረፋ ጉድጓዱ ውስጥ አልሞተም» አለ። «ጉድጓዱ ንጹህ ነው፤ እሱ የተነፈሰው ልጣጭ ነው። ልጣጭ የቀረው የቱቦው ገንዳ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያ የገደለው ሰው ክዳኑን ማንም ከፍቶ እንዳያይ ሲል አውጥቶ እዚህ ጣለው።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ቱቦው ተደፍኗል ብለው ዋሽተዋል። ነገር ግን ያን የመሰለ ሬሳ የጎተተ ሰው ልብሱ ሳይበላሽ አይቀርም። እሳቸው በወጡበት ነጭ ሸሚዝ ተመልሰው እዚሁ መድረክ ላይ ቆመዋል፤ ሁላችሁም አይታችኋል። ንጹህ መሆን ነበረባቸው፣ ንጹህ ናቸው። ወልደዮሐንስ፣ አንተ ግን ዘይት ፈሰሰብኝ ብለሃል። መቆሸሽ ነበረብህ። ቱታህን ለምን አጠብከው?»

ወልደዮሐንስ ለመካድ አልሞከረም። ሲሚንቶውን የሰበረው ፍሳሹ በሌሊት እንዲወርድ በሥራ አስኪያጁ ታዞ ነው፤ ትእዛዙ ግን በቃል ነበር።

«ተረፋ ጓደኛዬ ነበር፤ ለመንኩት» አለ፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «ሰኞ ለተቆጣጣሪዎቹ አሳያለሁ አለኝ። ታዝዤ ነው ብል ማን ያምነኛል? የኢኮኖሚ አሻጥረኛ ተብዬ እንደምረሸን ነገርኩት። እውነቱን ሁለታችን አብረን እንናገራለን አለና ክዳኑን ከፈተ። ገፋሁት። እጁን ዘርግቶልኝ ነበር፤ አልያዝኩትም።»

«እኔ ግቢውን አጽዱ ነው ያልኩት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እርስዎም ይነሱ» አለ ነመራ።

ነገሩ ተፈታ። ነመራ ደስ ይለው እንደሆነ ጥቂት ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። ሁለቱን ይዞ ሲወጣ ቀለሟ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስለ ገዳዩ አልጠየቀችም።

«ኦቦ ነመራ፣ መኪናዋን ታውሰኛለህ? ሬሳው መታጠብ አለበት። እኛ ያለንበት ውሃ አይሆንም፤ ንጹሁ የሚቀዳው ከማጠቢያው በላይ ነው።»

ነመራ ሾፌሩን ላከ። ላንድሮቨሩ ውሃ ይዞ እስኪመለስ፣ እስረኞቹና እሱ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁ።